የማክሰኞ ጭቃ

ሕዝቅያስ ደብተሩን ቀዳዶ ሽንት ቤት የጣለው ሐሙስ ማታ ነው። ብረት ለበሷን ግን መጣል አቃተው።

ብረት ለበስ ሲባል እውነተኛዋ አይደለችም። ከአንድ እግር ጫማ የማትበልጥ፣ በገዛ እጁ አራት ወር ሙሉ የለፋባት ናት። ገላዋን የሠራው ከሚሠራበት ፕላስቲክ ፋብሪካ ከተጣለ የጄሪካን ቁራጭ ነው። ስድስቱ ጎማዎቿ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ክዳኖች ናቸው። አንቴናዋ ከመጥረጊያ የተመዘዘች ጭራሮ ናት። ይሄ ግን ለሱ ሥራ አይደለም፤ ቢላ የያዘ ሁሉ ያደርገዋል። ሥራ ማለት ማስረጀቱ ነው። ከአሮጌ ቆርቆሮ ዝገት ፍቆ በኮላ ይለውሳል። የዓለም ገናን ጥቁር አፈር በተቀደደ ስቶኪንግ ነፍቶ ከጎማው ሥር ይነሰንሳል። በፍራሽ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረገ፣ ወታደር ሲወጣና ሲወርድ በቦት ጫማው የሚረግጠውን ቦታ ቀለሙን ይልጣል። ከኩራዝ ጥቀርሻ ወስዶ የጭስ ማውጫውን ያጠቁራል። ሲጨርስ አሻንጉሊትነቱ ይቀርና መንገድ የሰለቸው፣ ዝናብ የመታው ብረት ይሆናል።

ይህን ሰው አላወቀለትም። ከሦስት ዓመት በፊት በፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ አንዷን ይዞ ቀርቦ ነበር። ከረባት ያሰረው ዳኛ በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው አንስቶ፣ «ጎሽ፣ ሠርተሃል። ከሠራህ በኋላ ግን ለምን አቆሸሽከው?» አለው። አዳራሹ በሳቅ አወካ። አንደኛ የወጣው የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን የሠራ ባለዲፕሎማ ነው። ሳጥኑ አንድ ጫጩት ሳያሳይ ሽልማቱን ወሰደ። ሕዝቅያስ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው። ስምንተኛን ማን ይሸልማል! ያንን ሳቅ እንደ ጥርስ ሕመም ይዞት ይኖራል፤ ብርድ በነካው ቁጥር ይነሳበታል።

ጥፋቱ የማክሰኞው ነው። በዚያ ሰሞን ከሰበታ እስከ ቡራዩ ሰው ሁሉ ጆሮ ብቻ ሆኖ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ ንዴት አልቀረም። ልጆች መንገድ ዘጉ፣ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ ወታደር ገባ፣ አዋጅ ታወጀ። ማክሰኞ ሕዝቅያስ ከሥራ ሲመለስ ዓለም ገና ላይ እውነተኛዋ ብረት ለበስ ቆማ ጎማ ይቀየርላታል። ሰው አቀርቅሮ በወዲያ ማዶ ያልፋል። እሱ ሱቅ በር ላይ ሻይ አዝዞ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ በዓይኑ በላት። የግራ መብራቷ የሽቦ ከለላ ወደ ውስጥ ተጠምዟል። ከኋላ ያለው ጄሪካን የታሰረው በአረንጓዴ ሲባጎ ነው። ከበሩ ሥር ዝገቱ እንደ እንባ ወርዷል። ጭቃው በቀኝ በኩል እስከ ወገቧ፣ በግራ ከጎማዋ አላለፈም። ቤት ገብቶ እንዳይረሳው ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በሯ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይቀር። በሁለት ቀን ውስጥ ትንሿ ትልቋን ሆነች።

ሐሙስ ግን ከታች ሰፈር አንድ ልጅ ወታደር በሞባይል ቀርጸሃል ተብሎ ሲወሰድ አየ። ያኔ ነው ደብተሩ እንዴት እንደሚነበብ የገባው።

«ይቺንም ጣላት» አለችው ሚስቱ ተስፋነሽ ዓርብ ዕለት። «አለበለዚያ ልጃችንን ሀሴትን ይዤ ሱሉልታ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«እደብቃታለሁ።»

«ተደብቃ ከተገኘች አለቀልህ! ካልጣልካትስ እንደ መጫወቻ ቴሌቪዥኑ ላይ ትቀመጥ። አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ። ሌላ ምንም አልለምንህም፤ አፍህን።»

ከትንሿ በር ላይ ቁጥሩን በጥፍሩ ፋቀው። የገዛ ቆዳውን የፋቀ ያህል አመመው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቅዳሜ ጠዋት የኦቦ ገርባ ግቢ ተንኳኳ። ኦቦ ገርባ ባለቤቱ ናቸው፤ ሕዝቅያስ ከአራቱ የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ስድስት ዓመት ኖሯል። ሦስት ወታደሮች ገቡ። አለቃቸው እንቅልፍ ያጣ የመሰለ አስር አለቃ ነው። ሁለተኛው በር ላይ ቀረ። ሦስተኛው መፋቂያ አፉ ውስጥ የሚያንከባልል ወጣት ሾፌር ነው፤ እጁ ላይ ጭቃ አለ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የዱቄቱን ጆንያ ወጉ፣ ጥቅስ የተጻፈበትን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ሳይቀር አዩ። ሕዝቅያስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሾፌሩ ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጅ መጫወቻ ነው ወንድሜ» አለች ተስፋነሽ ቶሎ ብላ።

«ወንድ ልጅ አላችሁ?»

የስድስት ዓመቷ ሀሴት ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ አለች።

«የሴት ልጅ ብረት ለበስ!» ሾፌሩ ሳቀ። «እናንተ ሰፈር አሻንጉሊቱም ዘምቷል እንዴ?»

«አስቀምጠው፤ እንሂድ» አለ አስር አለቃው። ወደ በሩ ዞረ። አንድ እግሩ ከደጃፉ ወጥቷል።

ሾፌሩ ግን ገና እያገላበጠ ነው። «የሠራው ሰው መኪና አያውቅም። እየው አለቃ፣ ጭቃውን በአንድ በኩል ብቻ ለጥፎታል! ዝም ብሎ አቆሽሾታል እኮ።» ደግሞ ሳቀ።

ተስፋነሽ የባሏን ፊት አየች። እጁን ልትይዘው ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

«አላቆሸሽኩትም» አለ ሕዝቅያስ። «በቀኝ በኩል ቦይ ገብታችሁ ነበር። ጭቃው እዚያ ከፍ ያለው ለዚያ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መፋቂያው ቆመ።

«ምን አልክ?»

ሾፌሩ ትንሿን ወደ ብርሃን አስጠጋት። የመብራቱን ከለላ አየ። አረንጓዴውን ክር በጣቱ ነካው።

«አለቃ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺ እኮ የኛዋ ናት።»

አንገቱን ይዘው አወጡት። እውነተኛዋ ከግቢው ፊት ለፊት ኮብልስቶኑ ላይ ቆማለች። አስር አለቃው ትንሿን አፍንጫዋ ላይ አስቀምጦ፣ ቁጢጥ እያለና እየተነሳ አንዷን ከአንዷ ያስተያይ ጀመር። የመብራት ከለላ፤ አዎ። ሲባጎ፤ አዎ። የዝገት እንባ፤ ሦስት መስመር፣ መካከለኛው ረዘም ያለ፤ አዎ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲህ ጎንበስ ብሎ ሥራውን እንዲያይለት ተመኝቷል። አሁን አንዱ ሲያይለት፣ በእያንዳንዷ «አዎ» ወደ ኋላው በር አንድ እርምጃ የሚገፉት ይመስለዋል። በየአጥሩ ቀዳዳ ዓይን አለ።

«ስንት ቀን ተከታተልከን?»

«አንድ ቀን ነው ጌታዬ። ማክሰኞ፣ ጎማ ስትቀይሩ።»

«በአንድ ቀን ይሄ ሁሉ? ለማን ነው የምታየው?»

«ለማንም። ለራሴ።»

«ለራሱ!» አስር አለቃው በር ላይ ወደ ቀረው ወታደር ዞረ። «ጫነው።»

የኋላው በር ሲከፈት ጮኸ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የናፍጣና የላብ ሽታ ወጣ። ሀሴት ከግቢው ውስጥ «አባ!» ስትል ተሰማው። ያን ጊዜ ነው ዓይኑ በበሩ አጠገብ ያለውን ያየው። መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ፣ ብረቱ ገና ሳይዝግ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ማክሰኞ ይሄ አልነበረም።

«ተሳስቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን?»

«የኔዋ ስህተት አለባት ጌታዬ! ይሄን እዩ። ይሄ የኔዋ ላይ የለም። በየቀኑ ብከታተላችሁ ይሄ ያመልጠኝ ነበር? ዝገት አልጀመረውም፣ አዲስ ነው፣ አላውቀውም። አበላሽቻለሁ። ልክ አይደለችም።»

ሾፌሩ ትንሿን አንስቶ አገላበጣት። «እውነቱን ነው አለቃ። ይሄ ሐሙስ ቡራዩ ላይ በድንጋይ የተመታነው ነው። ይቺ ላይ የለም።»

አስር አለቃው ጣቱን በተላጠው ብረት ላይ አሳለፈ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ፕላስቲክ ፋብሪካ። የጉልበት ሥራ።»

«ትምህርት?»

«ስምንት።»

«ታዲያ ሠርተህ ከጨረስክ በኋላ ለምንድን ነው የምታቆሽሸው?»

ያው ጥያቄ ነው። ለዚች ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ሌሊት ሲገላበጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም።

«ዝም ብዬ ነው ጌታዬ» አለ። «ሞኝነት ነው።»

አስር አለቃው እጁን አወናጨፈ። «ልቀቀው። ሁለተኛ ወታደር ስታይ እንዳላይህ።»

ለቀቁት። ሾፌሩ ግን አልሄደም። ትንሿን ደረቱ ላይ ይዟታል። «እኔ እወስዳታለሁ፤ መሪው ጋ አስቀምጣታለሁ» አለና የሕዝቅያስን ትከሻ ሁለቴ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ወዳጅ፣ ሰው ሁሉ እያየ። «ቅድም ስቄብህ ነበር አባቴ። ጎበዝ ነህ! ለኛ ብትሠራልን ይሻል ነበር።» ይቺን የመጨረሻዋን ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንድትሰማ ጮኾ ነው ያላት።

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት «ጎበዝ» መጣች። ሕዝቅያስ ግን ምነው ሰድቦኝ፣ ምነው በጥፊ መትቶኝ በሄደ አለ።

ብረት ለበሷ ሄደች። መንገዱ ጭር አለ። ማዶ ካለው የቆርቆሮ አጥር ጀርባ የወጣቶች ሹክሹክታ ተሰማና እሱ ቀና ሲል ቆመ። የሐሙሱ ልጅ ወንድም እዚያ መሃል አለ፤ ኮፍያውን አወቀው። ያንን ልጅ ለወታደር ማን ጠቆመው እየተባለ በሰፈሩ ሁለት ቀን ሲጠየቅ ነበር የሰነበተው።

ኦቦ ገርባ ግቢው በር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገርባ» ብሎ በኦሮምኛቸው እንዴት አደሩ አላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይመልሱለት ቀርተው አያውቁም። «ነጋ» ይላሉ፣ «ፈያ» ይላሉ፣ ስለ ልጅቷ ይጠይቃሉ።

ዝም አሉ። ዓይናቸው ትከሻው ላይ ነው።

«ኦቦ፣ እርስዎ ያውቁኛል እኮ። አሻንጉሊት ነው። አይተውታል፣ ሀሴት አሳይታዎታለች...»

«ሚስትህን ይዘህ ሂድ» አሉ አዛውንቱ በዝግታ። ቁጣ የለበትም፤ ያስፈራውም እሱ ነው። «ሳይመሽ ሂድ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እነዚያን ልጆች የማቆምበት ጉልበት የለኝም።»

ቤት ሲገባ ተስፋነሽ አንሶላውን አንጥፋ የሀሴትን ልብስ እየቋጠረች ነው። ቀና ብላ አየችውና እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ነጭ ሸሚዙ ትከሻ ላይ የሾፌሩ መዳፍ ከነአምስት ጣቱ በእርጥብ ጭቃ ታትሟል። ብድግ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው መጣች።

«ተዪው!» አለ ሕዝቅያስ፣ ዓይኑ ከመስኮቱ ሳይነቀል። «በእርጥቡ ካሸሽው ይሰፋል። እስኪደርቅ ነው የሚጠበቀው።»

ኮፍያ የለበሰው ልጅ ኮብልስቶኑን መሻገር ጀምሯል።