በቀይ የተጻፈ ስም

ወይዘሮ የብርጓል ደብተሩን ያገኙት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ተማሪዎቹ ክፍል ገብተው መኝታ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ፍራሾቹን ፀሐይ ለማስመታት ሲያወጡ ነው። ከበሩ አጠገብ ካለው ተደራራቢ አልጋ የላይኛውን ፍራሽ ገልበጥ ሲያደርጉት፣ በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ከእግራቸው ሥር ዱብ አለ።

አልጋው የዜማ አንለይ ነው። ዜማ ከቁይ በፈተና ተመርጣ የመጣች የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ ዐይኗ ግን ሁሉን የሚለቅም ልጅ። ወይዘሮ የብርጓል ዝምተኛ ልጅ አይወዱም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለው በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት የሴቶች መኝታ ቤት ፕሮክተር ሆነው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሠሩ፣ ለፍላፊዋ ስትዋሽ በቀላሉ ትያዛለች፣ ዝምተኛዋ ግን የምታስበው እንኳ አይታወቅም ብለው ደምድመዋል።

ሻሹን ፈቱ። ደብተሩን መካከል ላይ ገለጡት፤ ገልጠውም ክው አሉ። ጽሑፉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ በየመስመሩ ጣልቃ ግን በቀይ የተጻፉ የሰው ስሞች አሉ። በገጹ ራስጌ ላይ ከሁሉም ጎልቶ የራሳቸው ስም ተጽፏል፤ የብርጓል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤

«ሦስተኛው ደወል ሲደወል፣ እርሷ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ሁላችሁም ስሟን በልባችሁ ሦስት ጊዜ ጥሩ። ያን ጊዜ ቁልፏ ይታሰራል፤ እጇም ይደነዝዛል፤ በሩም ለእኛ ይከፈታል።»

ደብተሩን በፍጥነት ከደኑት።

የወይዘሮ የብርጓል አባት ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ለደብሩ ዳዊትና ተአምር ይገለብጣሉ፤ ሰው ሲለምናቸው ደግሞ ከቄሰ ገበዙ ተደብቀው ለበሽተኛ ክታብ ይጽፋሉ። በክታቡ ላይ የባለቤቱ ስም የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነበር። ያ ቀይ ስም ወይዘሮ የብርጓልን በሕፃንነታቸው ያስፈራቸው ነበር፤ ቃሉ በማን ላይ እንደሚሠራ የሚለየው እርሱ ነውና። አባታቸው አንድ ነገርም አጥብቀው አስጠንቅቀዋቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የማያውቅበት ሰው እስከ መጨረሻው አያነብም፣ ጨርሶ ያነበበ በራሱ ላይ ያስረዋል። ስለዚህ ወይዘሮ የብርጓል ቀጣዩን ገጽ አልገለጡም።

መግለጥም አላስፈለጋቸውም። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘላቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ የመኝታ ቤቱ ቁልፍ በቀዳዳው ውስጥ እየተቀረቀረ ሲያስቸግራቸው ሰንብቷል። በኮሪደሩ ሲያልፉ ልጃገረዶቹ ወሬያቸውን ቆርጠው ዝም ይላሉ፤ ዐይናቸውም ወደ ወገባቸው፣ ወደ ቁልፉ ዘለላ ይሄዳል። ከዜማ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው ወንጌላዊት ትናንት እርሳቸውን አይታ አፏን በጋቢዋ አፍና ስትንቀጠቀጥ ነበር። ይባስ ብሎ ካለፈው እሑድ ወዲህ ዘጠኝ ተማሪዎች በሆድ ቁርጠት ተኝተዋል፤ ምክንያቱን የጤና ባለሙያውም አላወቀውም።

ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ሙላት የኬሚስትሪ ሰው ናቸው። ያንን አንድ ገጽ አነበቡና ደብተሩን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ፣ ወይዘሮ የብርጓል? ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ድግምት?»

«ካላመኑ አይመኑ። እኔ የጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ ይህን ነገር ዐውቀዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ የማውቀው ደንቡን ነው። ስልክ መያዝ የሚል አንቀጽ አለ፣ አጥር መዝለል አለ፣ ስርቆት አለ። ድግምት የሚል የለም። በዐይን የታየ ነገር ያምጡልኝ።»

ወይዘሮ የብርጓልን የቅዳሜው ትዝ አላቸው። ዜማ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። ያዩት ይህንኑ ብቻ ነው።

«ውኃው ውስጥ አንድ ነገር ስትጨምር አይቻታለሁ» አሉ።

አቶ ሙላት ቀና አሉ። «ታንከሩ ውስጥ?»

«ታንከሩ ውስጥ። ቅዳሜ። በማግሥቱ ነው ልጆቹ የታመሙት።»

«በዐይንዎ?»

«በዐይኔ።»

«እንዲህ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ ልጅቱ ከዚህ ግቢ ትሰናበታለች። ይጻፉልኝና ይፈርሙ።»

ጻፉ፤ ፈረሙም። ከቢሮው ሲወጡ፣ «ባላይም አድርጋዋለች፤ ያው ነው» አሉ ለራሳቸው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ወደ ሰው ልብ የሚገባው የእውነትን ካባ ደርቦ ነውና፣ ያን ቀን አልከበዳቸውም።

ዓርብ ዕለት ዜማን ሲከታተሉ ዋሉ። ልጅቱ ከክፍል ስትመለስ ፍራሿን አነሣች፤ አየች፤ መልሳ አስቀመጠች። ማን ወሰደብኝ አላለችም።

«የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሏት ከበሩ ላይ ቆመው።

«የለም፣ እትዬ።»

«ፍራሽ ስታገላብጪ አይቼሽ ነው።»

«ቁንጫ መስሎኝ ነው።»

«እኔ በማጸዳው ቤት? ቁንጫ?»

ከታችኛው አልጋ ወንጌላዊት ሳቋን ልትውጥ ስትሞክር ትን አላት። ወይዘሮ የብርጓል ሳቁን እንደ ሁለተኛ ምስክር ቆጠሩት። ንጹሕ ሰው ንብረቱ ሲጠፋበት ይጮኻል እንጂ ቁንጫ አይፈጥርም አሉ በልባቸው። ከዚያ ወዲያ ከታንከሩ መጠጣት ትተው የታሸገ ውኃ ከትራሳቸው ሥር ያስቀምጡ ጀመር። ቁልፋቸውንም ጠበል ረጩት፤ እርሱ ግን መቀርቀሩን አልተወም።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዜማና ወይዘሮ የብርጓልም ቀረቡ። የዜማ አባት አቶ አንለይ በጠዋቱ አውቶቡስ ከቁይ ደርሰው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲጠየቁ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ ከዚህ ከወጣች ቁይ ላይ የሚጠብቃት ባል ነው። እምቢ ብዬ ነው ያመጣኋት፤ ዘመድ እስካሁን አኩርፎኛል። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ደብተሩን እንዲመረምሩ የተጠሩት አቶ መሳፍንት ነበሩ፤ ሥነ ምግባርን ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ግእዝም የሚያውቁ ጡረተኛ። መነጽራቸውን ጠርገው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጡ።

«ጮክ ብለው አያንብቡት!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

«ጸሎቴን አድርሼ ነው የመጣሁ» አሉ አቶ መሳፍንት ሳይስቁ፤ ማንበብም ጀመሩ።

«ጮቄ ተራራ ላይ፣ ከደመናው በላይ፣ በካርታ የማይታይ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ደወሉን የሚደውል ሰው የለም፤ ደወሉ ራሱ ሲሰለቸው ይጮኻል። ያረፈደ ተማሪ እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስ ጥቅል ጎመን ሆኖ ይቆያል፤ በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህር ዘወትር የሚያስተምሩት ለጎመን ነው።»

አቶ መሳፍንት ቆም ብለው ልጅቱን በመነጽራቸው አናት ላይ አዩአት። ከዚያ ገጹን ገለበጡ።

«የምግብ አዳራሹ ጭልፋ ሁለት ጊዜ የተሰለፈን ሰው ስሙን እስከ አያቱ ይጠራል። ምናለ የተባለው ተማሪ ሲጠራ፣ ‹እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው› አለ። ጭልፋውም፣ ‹ወንድምህማ ትናንት አንተ ነኝ ብሎ በልቷል› ሲል መለሰ።»

አቶ ሙላት አፋቸውን በመሐረብ ያዙ።

«የኬሚስትሪው መምህር በዚያ ትምህርት ቤት አስማት የለም ብለው የሚያስተምሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ይህንንም የሚያስተምሩት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ተንሳፍፈው ነው።»

መሐረቡ ከአቶ ሙላት አፍ ወረደ። «ይህ ማን ነው?»

አቶ አንለይ በትራቸው ላይ አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወይዘሮ የብርጓል ግን አልሳቁም። ገጹ እየቀረበ ነው። የሦስተኛው ደወል፣ የሦስት ጊዜ ጥሪው፣ የቁልፉ መታሰር ተነበበ። «ይኸው!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። አቶ መሳፍንት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸውና፣ ወይዘሮ የብርጓል ያልገለጡትን ገጽ ገለጡ።

«ሦስት ጊዜ ጠሩ። ምንም አልሆነም። የጮቄ አስማተኞች ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ የብርጓል ላይ አስማት እንደማይሠራ ነው። መምህራንን ፍየል፣ ፍየሎችን መምህራን ያደረገው ድግምት እርሷ ዘንድ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ታጥቦ፣ አልጋውን አንጥፎ ይወጣል። የቁልፏ ድምፅ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ይሰማል። የታመመች ልጅ ስትኖር ግን ያ ሁሉ ቁልፍ አንድም ድምፅ አያሰማም፤ በካልሷ ብቻ እየሄደች ትደርሳለች።»

አቶ መሳፍንት ደብተሩን ዘጉ። «ልጆቹ ይህን እየተዋዋሱ ያነብቡ ነበር?»

«ስልክ ስለተከለከለ ነው» አለች ዜማ ቀስ ብላ። «ሁሉም አንብበውታል። እትዬ ሲያልፉ ሦስት ጊዜ ጠርተው ይሞክሩ ነበር። ለጨዋታ ነው።»

ወይዘሮ የብርጓል ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ስሜን ለምን በቀይ ጻፍሽው?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩን፣ እትዬ።»

«እኔ?»

«አምና፣ ዝናብ ዘግቶን የዋልን እሑድ። አባቴ ጸሐፊ ነበሩ፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የተከበረ ስም ሁሉ በጥቁር አይጻፍም፣ በቀይ ነው ብለው። እኔም…» አለችና ልጅቱ ቀሪውን ዋጠችው።

እውነት ነበር። ብለዋል። አባታቸው ለደብሩ በሚጽፉት ብራና ላይ ያ ቀይ ቀለም የክብር ነበር፤ ወይዘሮ የብርጓል ለልጆቹ ያንን ነግረው፣ ለራሳቸው ያስቀሩት የክታቡን ፍርሃት ነው።

«ድግምት የለበትም» አሉ አቶ መሳፍንት። «ጥፋት ካለበት በመምህራን ላይ ማላገጡ ነው፤ የምንቆጣውም እኛን በመሰለው ልክ ነው።»

አቶ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደብተሩስ ይቅር። የውኃው ጉዳይ ግን አለ፤ የተፈረመ የዐይን ምስክርነት ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቧንቧው ደርቆ ስለነበር ውኃ ልቀዳ ነው የሄድኩት። ምንም አልጨመርኩም።»

«ያንቺ ቃል አንድ ነው፤ የእርሳቸውም ቃል አንድ ነው። የእርሳቸው ግን ዐሥራ ሰባት ዓመት አለው።»

የሁሉም ዐይን ወደ ወይዘሮ የብርጓል ዞረ። ምናልባት ጨምራ ቢሆንስ? የሚለው ጥርጣሬ አሁንም ከውስጣቸው አልወጣም፤ ዘጠኝ ልጆች ታመዋል፣ ምክንያቱም አልታወቀም። ዝም ቢሉ ማንም አይነካቸውም። ዝም ቢሉ ይህች ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከአባቷ ኋላ አውቶቡስ ትሳፈራለች። አቶ አንለይን አዩ። ሰውየው ቀና ብለው አልተመለከቷቸውም፤ የበትራቸውን ጫፍ ብቻ በአውራ ጣታቸው ያሹ ነበር።

ወይዘሮ የብርጓል ተነሡ።

«አላየሁም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁ። ጠርሙሱን ነው ያየሁ። እርሷ ውኃው ውስጥ ስትጨምር አላየሁም፤ ወረቀቱ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ፈርመዋል እኮ፣ ወይዘሮ የብርጓል!»

«ፈርሜአለሁ። ለፊርማዬ የሚገባውን ይጻፉብኝ።»

ተጻፈባቸው። በዐሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በግል ማኅደራቸው ገባ። ዜማ በትምህርቷ እንድትቀጥል፣ የምትጽፈውንም ለሌሎች ከማዋሷ በፊት ለፕሮክተሯ እያሳየች እንድታስፈርም ተወሰነ። አቶ አንለይ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ «ሰው እንደምታስቅስ አላውቅም ነበር» አሉ፤ ለማን እንደተናገሩት አልታወቀም።

የበሩን ቁልፍ በዚያው ሳምንት የግቢው አናጢ ዘይት አጠጣው፤ ተፈታ። የታመሙትም ልጆች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዜማ አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። በሻሽ አልጠቀለለችውም። ወይዘሮ የብርጓል ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አነበቡት። ምናለ በቀይ ተጽፏል። በወንጌላዊት ስም የተሰየመችው ደመና ጋላቢ በቀይ ተጽፋለች። ጭልፋው እንኳ በቀይ ነው። ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ፕሮክተሯ በኮሪደሩ አለፈች፤ ቁልፏ ከሩቅ ይንቃጨላል። ስሟ በሰማያዊ ነበር።

«ቀዩ እስክሪብቶ አለቀብሽ?»

«አላለቀም፣ እትዬ።»

ወይዘሮ የብርጓል ገጽ እየገለጡ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ከግርጌው ፈረሙና ደብተሩን መለሱላት። ልጅቱ ሁለት ርምጃ ሄዳ ዞር አለች።

«ጨርሰው አነበቡት?»

«ጨርሻለሁ።»

«ሳቁ?»

«ሳቅሁ።»

ዜማ ፊታቸውን ትኩር ብላ አየች፤ ወይዘሮ የብርጓል ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመው ተማሪዎችን ያዩበት የነበረው አስተያየት ነው።

«የትኛው ገጽ ላይ?» አለች።

ወይዘሮ የብርጓልም ገጹን ነገሯት።