የማያፈሰው ሲኒ

በቤታችን አሮጌ ነጭ ሲኒ ውስጥ አንድ ትንሽ የሸክላ ሽማግሌ ቆሟል። መጠጡን እስከ ደረቱ ከቀዱለት ዝም ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር በሥሩ ባለው ቀዳዳ ያፈሰዋል። እዚህ ደሁዋ ከተማ ሲኒ የማይሠራ ቤት የለም፤ ይሄን የሠራው ግን የባለቤቴ ቅድመ አያት ነው። ከቤታችን ልጅ የሚያጭ ወንድ ሁሉ ምንም ሳይነገረው መጠጡን በሱ ይቀዳል። ሱሪው ሲርስ ስቀን ስቀን ዘመድ እናደርገዋለን።

የልጅ ልጄን ሹዪንን ያጫት ኬዋይ አሮጌ ዕቃ ይነግዳል። በቀደም ሲኒውን «ፎቶ ላንሳው» ብሎ ሲወስደው እንቅልፍ አጣሁ።

«አያቴ፣ አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ!» ብላ ሹዪን ሳቀችብኝ። እውነትም መለሰው።

ትናንት በቀለበታቸው ምሳ ላይ ፎጣ ከጀርባዬ ደብቄ ተቀመጥኩ። ኬዋይ ሲኒውን በእጁ ይዞ የሩዝ መጠጡን ጠብ ጠብ ሲያደርግ፣ ወንድሜ ጂንሹ አላስችል አለው።

«ቅዳ እንጂ አማች! ከአሁኑ መሰሰት ጀመርክ እንዴ?»

ኬዋይ እየሳቀ ቀዳ። የሽማግሌው ደረት ተሸፈነ። አንገቱ። ጢሙ። ልጆቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፍነው ጠበቁ። ሲኒው ጢም ብሎ ሞላ።

ምንም አልፈሰሰም።

ጣቴን ከሥሩ ሰደድኩ። ቀዳዳው አለ፤ ግን ደረቅ ነው።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ ኬዋይ።

ሹዪን ፊቷ ነጣ። «ኬዋይ፣ የኛስ ሲኒ?»

ኬዋይ ወደ እሷ፣ ከዚያም ወደ እኛ ተመለከተ። ከዚያ ሲኒውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሱቅ ነው ያለው። ነይ፣ አብረን እናምጣው።» ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም።

የሹዪንን እጅ ያዝኩ። «አትሂጂ ልጄ። ይቅርብን፣ አፈር ነው።»

«አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ አያቴ» አለችና ጣቶቼን አላቀቀች።

ተከትያቸው እስከ በሩ ወጣሁ። ሱቁ በግራ በኩል፣ ወንዙ ዳር ነው። የኬዋይ መኪና ግን ሁለቱን ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ አውራ ጎዳናው ታጠፈ።

ደወልኩላት። ስልኳ ከኋላዬ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሞላው ሲኒ አጠገብ ጮኸ።