የትኛዋ ጆርጂያ

«ምነው አንድ ልጅ እንኳ ተክቶ በሄደ!» አሉ ጋሼ ዋለልኝ፣ ገና ጫማቸውን አውልቀው ሳይቀመጡ።

የትብለጥ ባል ዘውገ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱንም ቀን ትብለጥ ይህንኑ ስትሰማ ሰነበተች። አሜሪካ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ከዘውገ ጋር ያልወለደው ልጅም ይለቀሳል። እሷም አንገቷን ትደፋለች። ዛሬ ግን አንገቷ አልደፋ አለ።

«ተክቷል ጋሼ። ሴት ልጅ አለችው። ቤቴል ዘውገ ትባላለች፤ ሁለት ወሯ ነው።»

የዘውገ ታናሽ ወንድም የሺዋስ ጠጋ ብሎ፣ «ትብለጥ፣ ፕሊስ፣ አሁን አይደለም» አለ በሹክሹክታ። ሁሉም ሰማው።

«የት ነው ያለችው?» አሉ ጋሼ ዋለልኝ።

«ጆርጂያ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ! አትላንታ የእህቴ ልጅ አለች፤ ልደውልላትና ነገውኑ ይዛት ትምጣ!»

ትብለጥ በገዛ ባሏ ለቅሶ ሳቋ መጣ። «የአሜሪካዋ ብትሆንማ ከተወለደች ጀምሮ ዜጋ ነበረች። ይህችኛዋ የሩስያ ጎረቤት ናት።»

ከዚህ በኋላ ምን ትደብቃለች? ማህፀኗ በሕመም መውጣቱን፣ እንቁላሉ የሌላ ሴት መሆኑን፣ አርግዛ የወለደችላቸውም እዚያው አገር ያለች ሴት መሆኗን አንድ በአንድ ተናገረች። ልጅቷን አሜሪካዊት የሚያደርጋት የዘውገ ደም ብቻ ነው። ዘውገ ደግሞ ለዲኤንኤ ምርመራ ሊሄድ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሥራው ላይ፣ ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርታ እያደለ ልቡ ቆመ።

«አሜሪካ ያለ ምርመራ አዎም አይደለምም አትልም። ያም አገር የአሜሪካን እምቢታ በደብዳቤ ሳያይ የእኔ ናት አይልም። ልጄ ዛሬ የማንም ዜጋ አይደለችም።»

ዘውገ ለእናቱ እንኳ አልነገረም፤ «አቅፌያት ገብቼ ነው የማሳያት» ይል ነበር። የሕፃን ወንበር ከመኪናው የኋላ መቀመጫ ላይ አስሮ ሁለት ወር ባዶውን ይዞት ዞረ። በየመታጠፊያው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ትብለጥ ስትስቅበት «እየለመድኩ ነው» ይላታል። እንዲህ ያለውን አባት ነው ልጅ ሳይተካ ሄደ የሚሉት! ንዴቷ ከሐዘኗ ባሰ።

«ወንድሜን ሰው መሃል አታዋርጂው» አለ የሺዋስ። «ልጅ በኮንትራት!»

«ወንድምህ አላፈረባትም። አንተን ለምርመራው ለምኜህ እምቢ አልክ፤ አሁን እናትህን እጠይቃለሁ።»

ጥግ ፍራሽ ላይ ወደተቀመጡት አማቷ ወደ እማማ ታየች ዞረች። አሮጊቷ ከቀብሩ ወዲህ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ ናቸው።

«እማማ፣ አሁን ከላብራቶሪ ሴት ትመጣለች። በጥጥ ከጉንጭዎ ውስጥ ምራቅ ትወስዳለች። አያቷ መሆንዎ ከታወቀ ጠበቃዬ ይዛው ትከራከራለች፤ እርግጠኛ ግን አይደለችም። በሐዘንዎ ስለመጣሁብዎ ይቅር ይበሉኝ። እምቢ ቢሉም ሌላ በር አንኳኳለሁ እንጂ እሷን አልተዋትም።»

የበሩ ደወል ጮኸ። የሺዋስ ቀድሞ ተነሣ። «ካንስል አደርገዋለሁ። እማዬ ሐዘን ላይ ናት።»

«የሺዋስ» አሉ እማማ ታየች። «አስገባት።»

ሴትዮዋ ገብታ ጓንቷን አጠለቀች። አሮጊቷ ትብለጥን ቀና ብለው አዩዋት።

«ማን አልሽኝ ስሟን?»

«ቤቴል። ቤቴል ዘውገ።»

እማማ ታየች አፋቸውን የሸፈኑበትን ነጠላ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ሳቡት። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አፋቸውን ከፈቱ።