ከመጨረሻው ፊደል

የመስኮቱ መስታወት ሲረግፍ ናጅዋ ተማሪዋን ፍፁምን እየተቆጣችው ነበር። ሰሌዳው ላይ «ሸዋሮቢት» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ለያይታ ጽፋለች። የዕለቱ ልምምድ ኮምፒዩተሩ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት እንዲጽፈው፣ አንዱን ትእዛዝ እየደጋገመ የሚሠራ ሉፕ ማዘጋጀት ነው። ተማሪ ደግሞ ሉፑን በቃሉ ሳይወጣው ኪቦርድ አታስነካም።

ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ታች አስፋልቱ ላይ ታጣቂዎች አንድ አይሱዙ አስቁመው ረዳቱን ተኩሰው ጥለውታል። ሹፌሩ አምልጦ ደረጃውን በሩጫ ወጣና ክፍሉ ውስጥ ዘው አለ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም።

«በአላህ፣ እህቴ» አለ።

ወንበር ገፋችለት። «ተቀመጥ። እግርህን ከዚህ ከተማሪው ቦርሳ ኋላ ክተት።» የራሷንም ተማሪዎች ከወለሉ አስነሥታ አስቀመጠቻቸው።

ወዲያው ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው፣ ቀጭኑ፣ ሹፌሩ የት እንደገባ ጠየቀ። በር አጠገብ የተቀመጠውን ፍፁምን አገጩን በሰደፍ አለው። ልጁ ደምና ጥርስ ተፋ፤ ትንፍሽ ግን አላለም።

«ሁሉም ተማሪዎቼ ናቸው» አለች ናጅዋ።

ቀጭኑ ምን እንደምታስተምር ጠየቃት። ቃል መገልበጥ ነው አለችው። አፈሙዙን ላብ ባጠመቀው ሹፌር ደረት ላይ ደገነ።

«እንግዲያው ይሄኛው ይገልብጥልኛ።»

«ሸ...» አለ ሹፌሩ ሰሌዳውን እያየ።

ናጅዋ በጥፊ አጮለችው። «ከመጨረሻው ጀምር እያልኩህ አልነበረም? የአባትህን ገንዘብ የምታቃጥለው ለዚህ ነው?» ደገመችው። አፍንጫው ደማ። ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ስታነሣ ታጣቂው ሳቀ።

«ኧረ ተይው፣ እትዬ። እኛም እንዲህ አንጨክን።»

ወጡ። ኮቴያቸው ወደ ላይኛው ፎቅ ሄደ።

አንዷ ተማሪ በሻሿ የፍፁምን አገጭ ታስር ጀመር። ሹፌሩ ሊነሣ ሲል ናጅዋ ትከሻውን ተጭና መለሰችው። መዳፏ አሁንም ያቃጥላታል። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ደረጃው አንድ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ሲወርዱ በዚሁ በር ያልፋሉ።

ጣቷን ሰሌዳው ላይ፣ ከቃሉ መጨረሻ አሳረፈች።

«ት» አለችው። «ቀጥሎ?»