ፋሲካን የፈራው ጎረቤቴ

ቸርነት ጎረቤቴ ነው። ሱማሌ አገር፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ እሱ በአንዱ ክፍል እኔ በሌላው ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ፤ እሱ ለሳኝ ነው። የለሰነው ግድግዳ መስታወት ያስንቃል። ሲጠጣ ግን ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ያውም መጠጥ በተከለከለበት አገር! አሠሪው ሀናድ አንድ ሁለቴ እንዳላየ አለፈው። በመጨረሻ ግን «ደግሞ ከሸተተኝ ሥራ የለህም፣ ፖሊስ ቢይዝህም አላውቅህም» ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ቸርነት አመል አለው። ሁዳዴ ሲገባ «እስከ ፋሲካ አልቀምስም» ብሎ በሚካኤል ይገዘታል። ይጠብቃልም፤ ይህን አልክድበትም። በፋሲካ ማለዳ ግን ግዝቱ አለቀ ይልና የቀረበትን ሁሉ በአንድ ቀን ያካክሳል። ከዚያ ማን ይመልሰው!

ዘንድሮ ሆሳዕና ሲቃረብ፣ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ፋሲካ እየደረሰ ነው።»

«እሰይ! ዶሮው ይፍራ እንጂ አንተ ምን ሆነህ ፊትህ ጠቆረ?»

«እኔም ፈርቻለሁ።» ሳቄን ዋጥኩት፤ እሱ ግን ቀጠለ። «ብቻዬን አልችለውም። እዚህ ከተማ መጠጥ የተዉ፣ እየተሰበሰቡ የሚረዳዱ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የት እንደሆነ ግን አላገኘሁም።»

«ጠይቃ!»

«ጠይቄ ነበር እኮ።»

እንዴት እንደጠየቀ ሲነግረኝ እርጥቡ አንሶላ ከእጄ ወደቀ። ሥራ ቦታ አንዱን ሲሚንቶ አቡኪ ጥግ ወስዶ፣ ግራ ቀኙን ገልምጦ፣ በጆሮው «እነዚያ የመጠጥ ሰዎች የሚገናኙበትን ታውቃለህ?» ይለዋል። ሰውየው ምን ይበል! ጠቀስ አድርጎት ከሥራ ሲወጡ ይዞት ሄደ። አንድ በር ተንኳኳ፤ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ወጣ።

«ታዲያስ?»

«በሩጫ ነው የመጣሁት። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል።»

«እንኳንም እሱ ቀረ፣ አንተ ከምትቀር። ደግሞስ እንደ ሌባ እያንሾካሾክህ ብትጠይቅ ሌላ ምን ሊሰጡህ ነው? አፍህን ሞልተህ ጠይቅ።»

«አፌን ሞልቼ ብጠይቅ ጠጪ መሆኔን አገር ይሰማል። አንዱ ለፖሊስ ቢነግርብኝስ? ሀናድ ጆሮ ቢደርስስ?»

እሱም ልክ ነው።

እዚህ አርብ ሥራ ስለሌለ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ሐበሾች ወደምንበላበት ምግብ ቤት ለምሳ ወሰድኩት። ቤቱ ጢም ብሏል። በየዓይነቱ ቀረበ፤ ቸርነት አይነካም፣ ዓይኑ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ድንገት ብድግ አለ። ሸሚዙን ልይዝ ስል አመለጠኝ።

«ይቅርታ፣ ምሳችሁን ልረብሽ ነው» አለ፣ አፉን ሞልቶ። «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።»

ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ሰረቅ አድርጎ አየ። እዚያ ጢማቸውን ሂና የቀቡ አንድ ሱማሌ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። እጃቸውን ጠራረጉ፣ ተነሡ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። እኔ በልቤ የቸርነትን ሻንጣ ማሰናዳት ጀመርኩ።

«አቦ ተቀመጥ!» አሉ በድሬዳዋ አማርኛ። «አሁን የተናገርከውን ለመናገር እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

አብሺር ይባላሉ፤ ድሬዳዋ ያደጉ፣ እዚሁ ሰፈር ጎማ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ስብሰባው አርብ አርብ ከምሳ በኋላ፣ ከሱቃቸው ጓሮ ባለው ክፍል ነው።

«እኔም ልግባ?» አልኩ፤ ነገር ካላየሁ አይሆንልኝም።

«ትጠጫለሽ እንዴ እህቴ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያው ሱቅ ትጠብቂልኛለሽ። እዚያ የሚወራው እዚያው ነው የሚቀረው።»

ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቸርነት ዓይኑ ቀልቶ፣ ትከሻው ግን ቀለል ብሎት ወጣ። አብሺር እስከ በሩ ሸኙን።

«ይሄ ልጅ ፋሲካን ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ዒድን ነበር የምፈራው» አሉኝ። «ረመዳንን ጥርሴን ነክሼ አልፍና በዒድ እወድቅ ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ፣ በዓል የዋለ ቀን አርብ ባይሆንም እንሰበሰባለን። በዒድ ክርስቲያኖቹ ይጋብዙናል፣ በፋሲካ እኛ እንጋብዛለን። በአራጁ ሃይማኖት እንዳንጨቃጨቅም እንቁላል እንቀቅላለን።» ወደ ቸርነት ዞሩ። «እንዳትቀር!»

ፋሲካ እሑድ ነው፤ እዚህ ደግሞ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ቸርነት ከሥራ መጥቶ ኖራውን ከእጁ ሲያጥብ የድሮ ጓደኞቹ በሩን ገፍተው ገቡ።

«ቸሬ! ግዝትህ አለቀ፤ ና ውጣ፣ ተዘጋጅቷል!»

«ሌላ ቦታ ይጠብቁኛል።»

«ማን? አገባህ እንዴ?»

«መጠጥ ያቆሙ ሰዎች። አብረን እንሂድ።»

«ይኸው ሸኽ ሆነልን!» ብለው እየተሳሳቁ ወጡ፤ ከግቢው ፊት ለፊት ግን ቆሙ። ቸርነት ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ እስከ ሚኒባሱ ይሸኙኝ። ብቻዬን ከወጣሁ ከነሱ ጋር ነው የምሄደው።»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። በጓደኞቹ ፊት ስናልፍ በስሙ ጠሩት፤ ዞር አላለም። እኔ ስለ ሳሙና መወደድ እለፈልፋለሁ፣ እሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ አንድም ቃል እንዳልሰማኝ አውቃለሁ። የጅግጅጋ ያር ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። መኪናው ሲነሣ አየሁት፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞታል።