የነምንያህል ድልድይ

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል በባሕር ዛፉ መሃል ሲወርዱ የሚገኘውን የእንጨት ድልድይ አገሬው «የነምንያህል ድልድይ» ይለው ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር የበሰበሰውን ግንድ አንሥተው አዲስ የሚያጋድሙት ጋሽ አካሉ ናቸው። ከሳቸው በፊት አባታቸው፣ ከአባታቸው በፊት አያታቸው ምንያህል እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። የሰፈሩ ሰው «ዘራቸው ይባረክ፣ እንዴት ያለ ደግ ቤተሰብ ነው!» ሲል ጋሽ አካሉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ሰው ምኑን ያውቃል!

ዘንድሮ በእንጨቱ ምትክ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠራ። የምረቃውን ዝግጅት የያዘው ጆኒ የሚባል የሰፈሩ ወጣት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ የአያትዎ ስም በእብነ በረድ ሊጻፍ ነው! ምረቃው ላይ ማይክ እንሰጥዎታለን፤ ስለ ቤተሰቡ ትንሽ ስፒች ያደርጋሉ።»

ጋሽ አካሉ የዚያን ቀን እህል አልወርድ አላቸው።

እውነቱ ሌላ ነዋ! ምንያህል ጎረምሳ ሳለ እዚያው የወንዙ መሻገሪያ መልካ ላይ በውሃ ተራ ተጣልቶ፣ ገመዳ የሚባል ጎረቤቱን በዱላ ራሱን መትቶ ገደለው። ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ደም በፈሰሰበት መልካ ከእንግዲህ የማንም እግር አይርጠብ። የገመዳ ወገን ይበቃል እስኪል ድረስ ምንያህል ከነዘሩ ድልድዩን ያቁም።» ምንያህልም ሲሞት «ይህን ብትተዉ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋችሁ» ብሎ ተናዘዘ። የገመዳ ቤተሰብ ግን በዚያ ድልድይ አንድም ቀን አልተሻገረም። ወንዙ ቢሞላም ልብሳቸውን ሰብስበው በውሃው ነበር የሚያልፉት። በኋላም አካባቢውን ለቀው ሄዱ።

አሁን ሲሚንቶው አይበሰብስም፤ ሥራው አለቀ። «ይበቃል» ያለ ሰው ግን የለም። ጋሽ አካሉን ያስጨነቃቸው ይኸው ነው፤ እሾሁን ለልጆቻቸው አውርሰው መሞት።

አፈላልገው አፈላልገው የገመዳን የልጅ ልጅ አገኟት። በላምበረት አድርገው መሪ ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄዱና በሯን አንኳኩ። ለሊሴ የምትባል፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ የቢሮ ሠራተኛ ናት።

«ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል። እርስዎ የገመዳ ዘር ነዎት?»

«ኧረ አንቺ ይበሉኝ፤ ልጅዎ እኮ ነኝ።»

«ደም ያለበት ሰው አንቺ አይልም፤ አይቀመጥምም» አሉና እንደቆሙ ከዱላው እስከ ምረቃው ሁሉንም ነገሯት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ የወጋው ቤት ልጅ ሲያስታውስ የተወጋው ቤት ልጅ ጨርሶ አታውቅም።

«አባቴ አዝሎኝ በውሃው ይሻገር ነበር» አለች ለሊሴ በመጨረሻ። «ድልድዩ እዚያው እያለ! አንድ ቀን ውሃው ወገቡን አልፎ ሲያንገዳግደው ጮኬ አለቀስኩ። ‹የእኛ መንገድ በዚህ ነው› አለኝ እንጂ ምክንያቱን አልነገረኝም። ግትር ነው እያልኩ ስቀየመው ኖርኩ። እንደተቀየምኩት ሞተ።»

እንባዋ ወረደ። ጋሽ አካሉ አፈሩ። የራሳቸውን ሸክም ሊያወርዱ መጥተው ሌላ ሸክም አሸከሟት።

«ይበቃል ይበሉኝ» አሉ።

«እኛ ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ በየሳምንቱ ይሰበካል፤ ዛሬ ግን አፌ እምቢ አለኝ።» እንባዋን ጠረገች። «እዚያ ያለ ሰው የአያቴን ስም ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

«እንግዲህ በሰላም ይግቡ አባባ» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

የምረቃው ዕለት ሰው ድልድዩን ሞላው። ጆኒ ቤተሰቡን አሞግሶ፣ አስጨብጭቦ፣ ማይኩን ለጋሽ አካሉ ሰጣቸው። ቀና ሲሉ ለሊሴን ከወንዙ ማዶ ለብቻዋ ቆማ አዩዋት። ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አያቴ ምንያህል ድልድይ የሠራው ደግ ስለነበር አይደለም» አሉ። «እዚህ መልካ ላይ ገመዳ የሚባል ሰው ገድሎ ነው። ግንድ ስንሸከም የኖርነው ደም ስላለብን ነው። እናንተ ስትመርቁን ዝም ብዬ አሜን ማለቴ ነውር ነበር። የሟቹ ስም ገመዳ ነው።»

ጆኒ ማይኩን ሊቀበላቸው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

ማዶ ያለችው ለሊሴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ጋሽ አካሉ እንደ አባቷ ውሃው ውስጥ ልትገባ መሰላቸው። ወንዙን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ድልድዩ ላይ ወጣች። ሕዝቡ መንገድ እየለቀቀላት፣ በባዶ እግሯ ቀስ እያለች እሳቸው ዘንድ ደረሰች።

«ይበቃል አባባ» አለች።

ጋሽ አካሉ ዝቅ ብለው እግሯን አዩ። አልረጠበም። እንባቸው ግን አላስችል አላቸው።

«ጫማሽን አድርጊ ልጄ» አሏት። «ሲሚንቶው ይበርዳል።»