ዲቃላው ፖፕላር

ግቢያችን ያለው ፖፕላር የሚሉት ዛፍ እንደ አድማጩ አገር ይቀይራል። አክስቴ ለጎረቤት ስታወራ አባቷ ከባሕር ማዶ ያመጡት ነው፤ ለሐኪሟ ስታወራ ደግሞ ከቅድመ አያት የወረደ ያገር ዛፍ። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናትና፣ ሁለቱንም እሺ እላለሁ።

መንገዱ ይሰፋል ተባለና ማዘጋጃ ቤቱ ዛፉ ይቆረጥ አለ። የሚተርፈው አገር በቀል ከሆነ ብቻ ነው። አክስቴ በአንድ ጀምበር አገር በቀል አደረገችው። አባትየው ባሕር ማዶ የሄዱበት ጉዞም በዚያው ተሰረዘ።

ዝርያውን እንድትለይ የተላከችው ባለሙያ ቅጠሉን ገለበጠች፣ ጠፍጣፋውን የቅጠል ዘንግ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች፣ የረገፈውን አበባ በማጉያ መነጽር አየች። አክስቴ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደች የዛፉን የዘር ሐረግ ትቆጥርላታለች። ባለሙያዋ ልጅ ጥሩ ሰው ናት፤ ጠላቷ አንደበቷ ብቻ ነው።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ዲቃላ ነው" አለቻት።

ድቅል ብትል ምን ነበረበት! አክስቴ ፊቷ ጠቆረ። በአባቷ ግቢ ዲቃላ በቅሎ እንደማያውቅ ነገረቻት። ልጅቷ ለማስረዳት ተጣደፈች፤ የሁለት አገር ፖፕላሮች ተዳቅለው የተገኘ ነው፣ ወንድ ብቻ ነው፣ በየከተማው ያለው ሁሉ ከአንድ ዛፍ እየተቆረጠ የተተከለ ነው አለች። ከዚያ ነገሩን ያለዘበች መስሏት ጨመረችበት።

"ስለዚህ ዘር የለውም።"

አክስቴ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ቤት ያንን ቃል የሚደፍር የለም፤ እኔ ምላሴ አላርፍ የሚለው እንኳ። የስድቡን ናዳ ጠበቅኩ።

አልመጣም። "ታዲያ እንዴት ይኖራል?" አለች ቀስ ብላ።

"ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ነው። ያው ራሱ ዛፉ ይበቅላል።"

ዛፉ ተቆረጠ። አክስቴ ሳትከራከር፣ ይህም ለታሪክ ይቀመጥ፣ ከወደቀው ላይ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ መርጣ ጓሮ ወሰደችኝ። እኔ እቆፍራለሁ፣ እሷ ቆማ ታርመኛለች። አላስቻለኝም፤ ዲቃላውን መልሰሽ በአባትሽ ግቢ ልትተክይው ነው ወይ አልኳት።

"ዝም ብለህ ቆፍር" አለች፣ ቅርንጫፉን እንደያዘች። "አንተንስ ከእህቴ ቤት ቆርጬ አይደል የተከልኩህ?"

ውሃ ላምጣ ብዬ ሄድኩና፣ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አለቀስኩ።